ከገመድ ወደ ቃል፤ የጂኦሜትሪ ቅርጾችና የስሞቻቸው ታሪክ

በሰሜንና በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎች የሐምሌ ዝናብ ሲበረታ ዓባይና ተከዜ ከየተዳፋቱ አፈር ጠርገው ይወርዳሉ። አስዋን ከሚደርሰው የናይል ውኃ ከአምስት እጅ ከአራት እጅ የሚበልጠው፣ ደለሉ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ የሚሄደው ከእነዚህ ደጋዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ታላቁ የአስዋን ግድብ ተሠርቶ እስኪያበቃ ድረስ ይህ ውኃ በየዓመቱ የግብፅን እርሻ እየሸፈነ፣ ደለሉን አንጥፎ ወደ መውረጃው ይመለስ ነበር። ደለሉ ለገበሬው በረከት ቢሆንም ጣጣም ነበረበት። ጎርፉ ሲሸሽ የወሰን ምልክት ይጠፋል፤ የአንዱ ማሳ ከሌላው ይደባለቃል፤ ከዳር ያለውን ደግሞ ወንዙ ቆርሶ ይወስደዋል።

የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በ5ኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በጻፈው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል እንደተረከው፣ ሴሶስትሪስ የተባለ ንጉሥ አገሩን ለግብፃውያን እኩል እኩል በሆነ አራት ማዕዘን ማሳ አከፋፍሎ በየማሳው ዓመታዊ ግብር ጣለበት። ወንዙ ከማሳው የቆረሰበት ሰው ንጉሡ ዘንድ ቀርቦ ያመለክታል፤ ንጉሡም መርማሪና ለኪ ልኮ የጎደለውን ካስለካ በኋላ ግብሩ በዚያው መጠን ይቀነስለታል። ጂኦሜትሪ የተገኘው ከዚህ ሥራ እንደሆነና ወደ ግሪክም የተሻገረው ከዚያ እንደሆነ ሄሮዶቱስ አስተያየቱን ሰጥቷል። በእርግጥ ሴሶስትሪስ የብዙ ፈርዖኖች ታሪክ የተደባለቀበት ከፊል አፈ ታሪካዊ ንጉሥ ነው። ሆኖም የትረካው ፍሬ ነገር አይናቅም፤ ጂኦሜትሪ የሚለው ቃል ራሱ «ጌ» መሬት፣ «ሜትሪያ» ልኬት ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተጋባ በመሆኑ የተወለደበትን ቦታ ይመሰክራልና። ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን ወደ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት የሚታወቁት በግብር፣ በርስትና በወሰን ክርክር ላይ ነበር።

ለኪዎቹ ይዘውት የሚወጡት መሣሪያ ገመድ ነው። በቴብስ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በሜና መቃብር ግድግዳ ላይ ከ3,400 ዓመታት ገደማ በፊት በተሣለው ሥዕል፣ ሰዎች በደረሰው እህል መካከል ቋጠሮ ያለበትን ገመድ ወጥረው ሲለኩ ጸሐፊዎች ከአጠገባቸው ሆነው ይመዘግባሉ። ግሪኮች የእነዚህን ሰዎች ሙያ ሲጠሩ «ገመድ ወጣሪዎች» ይሏቸው ነበር። የማሳ ርዝመት የሚነገረው በ«ኸት» ሲሆን፣ አንዱ ኸት 100 የንጉሥ ክንድ፣ ማለትም 52 ሜትር ያህል ነው። ጎኖቹ በአራቱም በኩል አንድ አንድ ኸት የሆኑ ማሳ ደግሞ አንድ «ሴታት» ይባላል።

ስለ እነዚህ ገመድ ወጣሪዎች በብዙ የትምህርት መጻሕፍት ተደጋግሞ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በ12 እኩል ክፍሎች የተቋጠረ ገመድ ወስደው፣ በ3፣ በ4 እና በ5 ክፍሎች ሦስት ማዕዘን አድርገው ሲወጥሩት ቀጥ ያለ ማዕዘን ያገኙ ነበር ይባላል። ዘዴው ትክክል ነው፤ ማንም ሰው ሞክሮ ሊያየው ይችላል። ነገር ግን ይህን የሚል ጥንታዊ የግብፅ ጽሑፍ የለም። ነገሩን በ19ኛው ምዕተ ዓመት የገመተው ጀርመናዊው የሒሳብ ታሪክ ጸሐፊ ሞሪትዝ ካንቶር ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግምቱን እንደ ታሪክ ተቀብለው አስተላለፉት። የሒሳብ ታሪክም እንደ ሌላው ታሪክ ሁሉ ከተረት አይጠራም።

ጽሑፍ ያለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ስኮትላንዳዊው ሬይንድ በሉክሶር የገዛውና ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየም የሚገኘው ፓፒረስ በ1550 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ አሕሞስ በተባለ ጸሐፊ የተገለበጠ የሒሳብ መማሪያ ነው። ከጥያቄዎቹ 50ኛው ስለ አንድ ክብ ማሳ ይጠይቃል። የማሳው የመካከል ርዝመት 9 ኸት ነው፤ ስፋቱ ስንት ይሆናል? መልሱ እንዲህ ይሠራል፤ ከ9 ላይ ዘጠነኛው እጅ ይቀነሳል፣ 8 ይቀራል፤ 8 በ8 ሲባዛ 64 ሴታት ይሆናል። ዛሬ በሚሠራበት ስሌት ውጤቱ 63.6 ገደማ ነው፤ ስሕተቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ጸሐፊው ለምን እንዲህ እንደሚሠራ አንድም ቃል አላሰፈረም። ተማሪው የሚጠበቅበት አይቶ መድገም ነው። ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ሦስት ማዕዘን ማሳ ሲሆን፣ እኛ «መሠረት» የምንለውን ጎን የግብፅ ጸሐፊዎች «አፍ» ይሉት ነበር። ሦስት ማዕዘን ለእነርሱ በአፉ የተከፈተ፣ ወደ ሌላው ጫፍ እየጠበበ የሚሄድ ነገር ነበር ማለት ነው። አንድን ሕዝብ ቅርጽን እንዴት እንዳየው ለማወቅ ያወጣለትን ስም ማጥናት ከሥዕሉ ያላነሰ ይጠቅማል።

ገመድና መሬት በኢትዮጵያ ታሪክም ተገናኝተዋል፤ ግንኙነታቸውም ቀላል አልነበረም። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በሸዋና በደቡብ አገሮች መሬት በቀላድ ተለካ። ቀላድ 66 ሜትር ያህል ርዝመት የነበረው መለኪያ ጠፍር ነው። በቀላድ ተለክቶ የሚወጣው የመሬት መጠን ጋሻ ይባላል፤ አንዱ ጋሻ በአማካይ 40 ሄክታር ያህል ይገመታል። ነገር ግን መሬት ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ በሦስት ደረጃ ይከፈል ስለነበር፣ ጋሻው በየቦታው አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ግብሩም እንደ ደረጃው ይለያያል። የግብፁ ለኪ ክብሩንም ሦስት ማዕዘኑንም አስልቶ ስፋቱን ብቻ ሲያወጣ፣ የቀላዱ ለኪ ግን አፈሩንም አብሮ ይለካ ነበር ለማለት ይቻላል።

ቀላድ የተጣለበት አገር ሕዝብ ነገሩን የሚያስታውሰው በስሌቱ አይደለም። በብዙ የደቡብ አካባቢዎች ከተለካው መሬት ሲሶው ለባላባቱ ሲተው፣ የቀረው ለመንግሥት፣ ለወታደሩ፣ ለሹሙና ለቤተ ክህነቱ ተደለደለ። ማሳውን ሲያርስ የኖረው ገበሬ መሬቱ በጋሻ ተቆጥሮ በሌላ ሰው ስም ሲጻፍ፣ እርሱ ገባር ወይም ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። በሄሮዶቱስ ትረካ ውስጥ ለኪው የሚመጣው የገበሬውን ግብር ሊያቀልለት ነው፤ በዚህኛው ታሪክ ለኪው ሲመጣ ገበሬው ያጣል። ቅርጹ ያው አራት ማዕዘን፣ መሣሪያውም ያው ገመድ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የግል የመሬት ባለቤትነትን ሲሽር፣ ለአንድ ቤተሰብ የፈቀደው ከፍተኛ የይዞታ መጠን 10 ሄክታር ነበር፤ ጋሻም ከመንግሥት መዝገብ ወጥቶ በሰዎች ትዝታ ውስጥ ቀረ። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በትግራይ፣ ቀጥሎም በሌሎች ክልሎች የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ፣ በመጀመሪያው ዙር ማሳዎች የተለኩት በአመዛኙ በገመድና በሜትር ነው። በሳተላይት የሚረዳው አለካክ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ገበሬው ግን ከቀላዱም ከሄክታሩም በፊት የራሱ መለኪያ ነበረው፤ እስካሁንም አልተወውም። ጥማድ ይባላል። አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ማለት ነው፤ በብዙ ቦታ የሄክታር ሩብ ያህል ይሆናል። ጥማድ ጎን የለውም፣ ማዕዘንም የለውም፤ በላብና በሰዓት የሚቆጠር ስፋት ነው። ተዳፋት፣ ድንጋያማ ወይም ጠማማ የሆነ ማሳ ርዝመቱ ከወርዱ ተባዝቶ ከሚነግረው ይልቅ ጥማዱ የሚነግረው ለአራሹ ይበልጥ እውነት ነው። የትምህርት ቤቱ ስፋት ከዚህኛው ስፋት የተለየ መሆኑን ለገበሬ ልጅ አስቀድሞ የነገረው መምህር ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

ከግብፅ ወደ ሜሶፖታሚያ ሲኬድ መሣሪያው ሸክላ ነው። በብሪታንያ ሙዚየም ከሚገኙት የባቢሎን ጽላቶች አንዱ፣ በአራት ማዕዘን ውስጥ ሌሎች አራት ማዕዘኖች፣ ክቦችና ሦስት ማዕዘኖች እየተሣሉ የየክፍሉ ስፋት የሚጠየቅበት መማሪያ ነው፤ የዛሬ 3,700 ዓመት ገደማ ተማሪዎች የቅርጽ ሥዕል እያዩ ይማሩ እንደነበር ያሳያል። በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሌላ ትንሽ ጽላት ደግሞ የአንድ ተማሪ የእጅ ሥራ መሆኑ ይታመናል። በላዩ አንድ እኩል አራት ማዕዘንና ከጫፍ ጫፍ የተሻገሩ ሁለት መስመሮች ተሥለውበታል፤ የመሻገሪያው መስመር ከጎኑ ስንት እጅ እንደሚበልጥም በሚያስደንቅ ጥንቃቄ ተጽፎበታል። የባቢሎን ሰዎች ለቅርጾቹ ያወጡላቸው ስሞች ውበት አላቸው። ሦስት ማዕዘንን የሚጠሩበት ቃል ሽብልቅ ማለት ነው፤ ሽብልቅ የጽሕፈታቸውም ፊደል ነው። ግማሽ ክብን ጨረቃ፣ ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠበውን አራት ጎን ደግሞ «የበሬ ግንባር» ይሉታል። ይህን የመጨረሻውን ስም የሰማ አርሶ አደር ሥዕሉን ሳያይ ቅርጹን ያውቀዋል። በሕንድም የመሠዊያ ጡብ አደራደርን የሚያስተምሩት ጥንታዊ መጻሕፍት «ሹልባ ሱትራ» የሚባሉ ሲሆን፣ «ሹልባ» ማለት ገመድ ነው።

ግሪኮችም ስሞቹን ከሰማይ አላወረዷቸውም። ዛሬ በዓለም ሁሉ ተማሪዎች በፍርሃት የሚያጠኗቸው ስሞች በተወለዱበት አገር የጓዳ፣ የእርሻና የገበያ ቃላት ነበሩ። ትራፔዚየም ትንሽ ገበታ ማለት ነው፤ አማርኛው «ጠረጴዛ» የዚሁ የግሪክ ቃል ዘመድ መሆኑን ሲያስታውሱት ቅርጹ ወዲያው ቤተኛ ይሆናል። ኮን የጥድ ፍሬ ነው። ኪዩብ ስድስት ገጽ ያለው የመጫወቻ ጠጠር፣ ሲሊንደር ተንከባላይ ግንድ፣ ፕሪዝም በመጋዝ የተቆረጠ ነገር ነው። ሮምበስ በክር ታስሮ የሚሽከረከር ነገር ስም ነበር። የክብ መካከል የሚጠራበት «ኬንትሮን» በሬ የሚነዳበት ሹል መውጊያ ነው፤ ክብ ሲሣል የሚተከለው ሹል እግር ያንን አስታውሷቸው ይሆናል። ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑትን ሦስት ማዕዘን «እግረ እኩል»፣ ሦስቱም የሚለያዩትን ያልተስተካከለ፣ የሚያነክስ አሉት። ቀጥ ብሎ የሚወርደው መስመር «ካቴቶስ» ይባላል፤ ወደ ታች የተለቀቀ ማለት ነው፤ የግንበኛው ቱንቢ መሆኑ ግልጽ ነው። ከቀጥተኛው ማዕዘን ትይዩ ያለው ረጅም ጎን ስሙ ሂፖቴኑስ ሲሆን ትርጕሙ «ከሥር የተወጠረው» ነው። ገመዱ ከጠፋ በኋላ እንኳ መወጠሩ በቃሉ ውስጥ ቀርቷል።

የግሪኮች ትልቅ ሥራ ስሙን ማውጣት ሳይሆን ስሙን ከዕቃው መለየት ነበር። ይህ ሥራ ተጠናቅቆ የሚታየው በ300 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ በእስክንድርያ ያስተምር በነበረው በኤውክሊድ መጽሐፍ ነው። «መሠረታውያን» በሚል ትርጕም ሊጠራ የሚችለው ይህ ሥራ 13 መጻሕፍትና 465 ድንጋጌዎች አሉት። አንደኛው መጽሐፍ በ23 ፍቺዎች ይጀምራል። ነጥብ ክፍል የሌለው ነገር መሆኑ፣ መስመር ርዝመት ኖሮት ወርድ የሌለው መሆኑ በመጀመሪያ ይነገራል። አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባው ይህ የሚባለው በግብፅ ምድር፣ ገመድ ወጣሪዎች ለሺሕ ዓመታት በተመላለሱበት አገር መሆኑን ነው። ገመድ ውፍረት አለው፤ ይረጥባል፣ ያጥራል፣ ይላላል፤ ሁለት ለኪዎች አንድ ማሳ ቢለኩ ሁለት መልስ ያመጣሉ። የኤውክሊድ መስመር ግን አይላላም። ግንበኛና ለኪ የማይጨብጡት፣ በአሳብ ብቻ የሚወጠር ገመድ ነው። በዚህም ምክንያት ስለ እርሱ የተረጋገጠ ነገር በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ማሳ ላይ ይሠራል። አሕሞስ «እንዲህ አድርግ» እያለ ያስተምር የነበረውን፣ ኤውክሊድ «ስለዚህ» እያለ ማስተማር ጀመረ።

ትርፉ ትልቅ የሆነውን ያህል ዋጋውም አልቀረም። ክፍል የሌለው ነጥብ፣ ወርድ የሌለው መስመር ለሕፃን ልጅ የሚዋጥ አይደለም። ልጁ በጠመኔ የተሣለውን መስመር እያየ ወርድ የለውም ሲባል፣ ወይ መምህሩን ወይ ዓይኑን መጠራጠር አለበት። ኤውክሊድ የጻፈው ለሕፃናት አልነበረም፤ ከ2,000 ዓመታት በላይ ግን በብዙ አገር ሕፃናት የተማሩት በእርሱ ቅደም ተከተል ነው፤ ፍቺው ቀድሞ፣ ነገሩ ኋላ። ንጉሥ ቶሌሚ አጭር መንገድ እንደሌለ ጠይቆት፣ ለነገሥታት የተለየ መንገድ አለመኖሩን ኤውክሊድ እንደ መለሰለት ይተረካል። ታሪኩን የሚነግረን ፕሮክለስ የኖረው ከ700 ዓመታት በኋላ ስለሆነ መጠንቀቅ ያሻል፤ ደግሞም ያ መልስ ለንጉሥ የሚገባ ቢሆን እንኳ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚገባ አይመስልም።

ከእስክንድርያ በኋላ የኤውክሊድ መጽሐፍ ታሪክ የትርጕም ታሪክ ነው። በባግዳድ አል ሐጃጅ ኢብን ዩሱፍ ኢብን መጠር በሃሩን አል ረሺድ ዘመን፣ ከዚያም እንደገና በአል መእሙን ዘመን ወደ ዐረብኛ መለሰው። በ9ኛው ምዕተ ዓመት ኢስሐቅ ኢብን ሑነይን በድጋሚ ተርጕሞት ሣቢት ኢብን ቁራ አረመው። ተርጓሚዎቹ የግሪኩን ድምፅ እንዳለ ከመውሰድ ይልቅ በአመዛኙ የራሳቸውን ቃላት መረጡ። ነጥብ «ኑቅጣ»፣ ሦስት ማዕዘን ከሦስት ቍጥር ወጥቶ «ሙሠለሥ»፣ ማዕዘን «ዛዊያ» ተባለ። ጂኦሜትሪን ራሱን ከፋርስኛው «አንዳዛ» ማለትም ከልኬት አውጥተው «ሀንደሳ» አሉት። በ12ኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዛዊው አደላርድና በቶሌዶ ይሠራ የነበረው የክሬሞናው ጄራርድ ከዐረብኛው ወደ ላቲን መለሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1482 ደግሞ ቬኒስ ውስጥ በኤርሃርድ ራትዶልት ማተሚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ።

ተርጓሚ በተሳሳተበት ቦታ የሚሆነውን ለማየት «ሳይን» የሚለው ቃል ይበቃል። የሕንድ ሊቃውንት በክብ ላይ የሚሰመረውን መስመር የቀስት ጅማት ማለትም «ጂያ» ወይም «ጂቫ» ይሉት ነበር። ዐረቦች ቃሉን «ጂባ» ብለው በድምፁ ወሰዱት፤ ሲጻፍ አናባቢው አይታይምና «ጅብ» ተብሎ ተጻፈ። ኋላ የመጡት አንባቢዎች በቋንቋቸው ትርጕም ያለው ቃል ፈልገው «ጀይብ» አሉት፤ የልብስ እጥፋት፣ ጉያ ማለት ነው። የላቲን ተርጓሚዎችም ያንኑ ቃል በቃል «ሲኑስ» ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ የቀስቱን ጅማት ጉያ እያለ ይኖራል። ስሌቱ አልተበላሸም፤ ስሙ ግን ለተማሪው የሚነግረው ነገር አጣ።

አገሮች ሁሉ በየተራቸው ይህ የስም ጥያቄ ገጥሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1551 ሮበርት ሬኮርድ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሲያሳትም ተራው ሰው እንዲገባው ብሎ የአገሩን ቃላት ገጣጠመ። ጠባቡን ማዕዘን ሹል፣ ሰፊውን ደነዝ፣ ክብን የሚነካውን መስመር «የመንካት መስመር»፣ ትይዩ መስመሮችን መንትዮች አላቸው። አብዛኞቹ አልጸኑለትም፤ እንግሊዝኛ ወደ ላቲኑና ወደ ግሪኩ ተመለሰ። ከመንትዮቹ መስመሮች የተረፈለት በ1557 ለእኩልነት ምልክት እንዲሆኑ የሣላቸው ሁለት ሰረዞች ናቸው። በተቃራኒው ከ1548 እስከ 1620 የኖረው ሲሞን ስቴቪን ለሆላንድኛ ያወጣቸው ቃላት ጸንተው እስከ ዛሬ የሆላንድ ልጅ ሒሳብን ራሱን የሚጠራበት ቃል ከእርሱ የመጣ ነው። በቻይናም እ.ኤ.አ. በ1607 ሹ ጓንግቺ ከኢጣሊያዊው ማቴዮ ሪቺ ጋር የኤውክሊድን የመጀመሪያ ስድስት መጻሕፍት ሲተረጕሙ የመረጧቸው የነጥብ፣ የመስመርና የገጽ ቃላት ዛሬም በቻይና ትምህርት ቤቶች ያገለግላሉ። ልዩነቱ ከቃላቱ ጥራት ብቻ የመጣ አይመስልም፤ ቃሉን ተቀብሎ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ማግኘት አለማግኘቱ ነው።

አማርኛ ይህን ጥያቄ በሰፊው የተጋፈጠው በ1956 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ እንዲሰጥ ከተደረገ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ሒሳብን የሚያስተምሩት በአብዛኛው በፈረንሳይኛ፣ ከ1930ዎቹ ወዲህ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስለነበር መምህሩ ቅርጹን በተማረበት ስም ይጠራው ነበር። ከ1964 ዓ.ም. በኋላ የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ፣ ኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስ ቃላትን ማዘጋጀት ከሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ያዘው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ አንደኛ ደረጃን በየብሔረሰቡ ቋንቋ ሲያደርግ ተመሳሳይ ሥራ ለሌሎቹም ቋንቋዎች ደረሳቸው፤ በኦሮምኛ ለምሳሌ ክቡ «ጌንጎ»፣ ባለ ሦስቱ ጎን «ሮግሰዴ» ተባለ።

በአማርኛው መማሪያ የገቡትን ቃላት አንድ በአንድ ሲያዩአቸው የአንድ እጅ ሥራ እንዳልሆኑ ይታወቃል። «ነጥብ» ከግእዙ ነጠበ፣ ከጠብታ ጋር ዘመድ ነው። ዐረብኛው «ኑቅጣ» ለነጥብም ለጠብታም እንደሚሆን ሁሉ፣ የሴም ቋንቋዎች ትንሹን ነገር በጠብታ ማየታቸው የሚያስገርም አይደለም። «ሹል ዘዌ» ከግሪኩ ጋር ሳይመካከር የተገናኘ ስም ነው፤ ኤውክሊድም ሹል ነበር ያለው። «ዘዌ» ራሱ ከዐረብኛው ዛዊያ ጋር በድምፅም በትርጕምም የሚቀራረብ ሆኖ ሳለ ለተማሪው እንግዳ ቃል ነው፤ ከሰፈሩ ይዞት አልመጣም። ይሁንና ያስፈለገበት ምክንያት ነበረ። «ማዕዘን» የቤትን ጥግ፣ የዓለምን አራት አቅጣጫና የሁለት መስመሮችን መክፈቻ ሁሉ ችሎ ሲኖር፣ መምህሩ ጥጉን ይሁን መክፈቻውን እንደሚናገር ለመለየት ይቸገር ነበር። «ትይዩ» ከሁሉም የተሳካለት ነው ማለት ይቻላል፤ ፊት ለፊት የቆሙ ሰዎችን የሚያውቅ ልጅ የማይገናኙ መስመሮችን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም።

«ሦስት ማዕዘን» እና «ጎነ ሦስት» ግን እስከ ዛሬ ይሻማሉ። የመጀመሪያው የሕዝብ ነው፤ ሁለተኛው የመማሪያ መጽሐፍ። አንዳንዶች ሁለት ስም መኖሩን እንደ ድክመት ይቈጥሩታል። ነገር ግን ኤውክሊድ ራሱ በአንደኛው መጽሐፉ ቅርጾችን በጎናቸው ሲመድብ ባለ ሦስት ጎን ብሎ፣ ወዲያው ቀጥሎ ዓይነታቸውን ሲዘረዝር ባለ ሦስት ማዕዘን ይላቸዋል። ሁለቱን ስሞች አብሮ ማስተማር የሚጎዳ ሳይሆን፣ የጎኖቹና የማዕዘኖቹ ቍጥር ሁልጊዜ እኩል መሆኑን ለልጁ የመጀመሪያ ግኝት አድርጎ ለመስጠት የሚመች ነው።

እንግዳ ሆነው የቀሩት ሬክታንግል፣ ሬዲየስና ዲያሜትር ናቸው። ሬዲየስ በላቲን የመንኮራኩር እጅ፣ ከመካከል ወደ ዳር የሚወጣው ዘንግ ነው፤ ይህን ሳይነግሩ ቃሉን ብቻ ማስጠናት ግን ሳይንን ጉያ ብሎ እንደ ማስተማር ያለ ነው። «ካሬ» ደግሞ ከፈረንሳይኛ መጥቶ ሙሉ በሙሉ ለምዷል። እንዲያውም ከቅርጽነት አልፎ መለኪያ ሆኗል፤ በከተማ ቤት የሚገዛ ሰው ቦታው 200 ካሬ ነው ሲባል 200 ሜትር በሜትር መሆኑን ማንም አይጠይቅም። የጥንቱ ሴታት እንደዚሁ በገመዱ ላይ ከተሠራ እኩል አራት ማዕዘን ወጥቶ የመሬት መጠን ስም ነበር። ካሬው ከአንድ ሜትር ያነሰ እንደሆነ በካርታው ላይ ክርክር ይነሣል፤ ለኪ ይጠራል።

ልጁ እነዚህን ስሞች በክፍል ውስጥ ለምዶ ሳይጨርስ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ጎነ ሦስቱም ስሙን ይለውጣል። ከትምህርት ቤቱ ውጭ ግን ሥራው በራሱ ቋንቋ ይቀጥላል። ግንበኛው በውኃ ልክ አግድሙን፣ በቱንቢ ቀጥታውን ይዞ፣ የመሠረቱን ጥግ ለማረም ከአንዱ ወገን 60፣ ከሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ይለካና በመካከላቸው የሚሻገረው ክር 100 መሆኑን ያያል። ጎጆ ሠሪውም ቦታውን ከጠረገ በኋላ በመካከል ችካል ይተክላል፤ ገመድ ያስርበታል፤ በገመዱ ጫፍ ሹል እንጨት ይዞ መሬቱን እየጫረ ይዞራል። ጎጆው እንዲሰፋ የሚፈልግ ባለቤት «ገመዱን ጨምርበት» ይለዋል፤ ሠሪው አንድ ክንድ ያህል ይለቅበትና እንደገና ይዞራል። ከዚያ ገመዱን ጠቅልሎ፣ በጫረው መስመር ላይ ጉድጓዱን ይጀምራል።